የበረኛው ስም

ባለፈው ቅዳሜ ሰላም የምትባል ልጅ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች። የእግር ኳስ ቡድናችን አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው፤ የበዓሉን መጽሔት እንድታዘጋጅ የተመረጠችው እሷ ናት። «ሶ፣ ጋሼ ተፈራ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብላ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፤ ብዕር የለ፣ ወረቀት የለ። እኔ መሥራቾቹን አንድ በአንድ ስጠራ እሷ በየስሙ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች «አዎ» ትለኛለች። መቼም ይቺን ትንፋሽ የማያውቅ አበሻ የለም። ምነው ልጄ፣ አትጽፊም እንዴ ብላት፣ ትልቅ ሰው እያወራ መሞነጫጨር ነውር ነው ብላ እናቷ እንዳሳደገቻት ነገረችኝ። እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። ጉዴ የመጣውም ከዚሁ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቀን ቡሪየን የምትባል ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛና ታይፕ እማራለሁ። የሆቴሉን ዳቦ የሚጋግሩት ሚስተር ማኑኤል የሚባሉ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ምሳ ሰዓት ከጓሮ በር ላይ የዱቄት ጆንያ አንጥፈን፣ ትኩስ ዳቦ በወይራ ዘይት እየነከርን አብረን እንበላለን። ነሐሴ ሲሆን አጥሩን የወረረውን እንጆሪ እንለቅማለን። በቀረው ወር ዝናቡን ማየት ነው። የሲያትል ዝናብ እንደኛ አገር ክረምት አያጓራም፣ ዝም ብሎ ሲነጫነጭ ይውላል።

አንድ ቀን ደብዳቤ ይዘው መጡ። የትውልድ ከተማቸው የእግር ኳስ ክለብ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሰዉ የጠርሙስ ቡሽ እየሠራ የሚያድርባት። የክለቡ ጸሐፊ እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆነ፣ ውጭ አገር ያላችሁ በፖርቱጋልኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ትዝታችሁን ላኩ፣ በመጽሐፍ ይታተማል ብሏል። ሚስተር ማኑኤል ግን ከሁለተኛ ክፍል ወጥተው ፋብሪካ የገቡ ሰው ናቸው፤ ከፊርማቸው በቀር መጻፍ አይሆንላቸውም።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍልኝ» አሉኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ከመዝገቡ የፋቁትን የወንድሜን ስም እንዲመልሱልኝ ነው።»

ስሙንም ነገሩኝ። እኔም ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ሳደርግ አስም ያለብኝ መስሏቸው ውሃ ያቀርቡልኝ ነበር። አዎ ማለት መሆኑን ካስረዳኋቸው በኋላ ግን ለምደውታል።

ሦስት የምሳ ሰዓት አወሩልኝ። እኔ ጨዋው እጄን አጣጥፌ አዳምጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ወሬ ዛሬም አይኔ ላይ አለ። ክለቡን የመሠረቱት አሥራ አንድ የቡሽ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ሜዳቸው አውድማ ነበር፤ እህል ሲወቃ ጨዋታው ይቆማል፣ ገለባው ሲነሳ ይቀጥላል። ማልያቸውን እናቶች ከዱቄት ከረጢት ሰፍተው በሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ነከሩላቸው። የግቡን ቋሚዎች ቆርጦ የተከለው የማኑኤል ታላቅ ወንድም ነው፤ በረኛም እሱ ነበር። የአሥራ አንዱንም ስም ከነአባታቸው ጠሩልኝ፣ እኔም አሥራ አንድ ጊዜ ትንፋሼን ሳብኩ።

በሦስተኛው ቀን ያወሩት ስለ ወንድማቸው ብቻ ነበር። ያን ዕለት ከሥራ በኋላ ፈተና ነበረብኝ። እሳቸው ሲያወሩ እኔ በሆዴ ትምህርቴን እከልሳለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ስል አይናቸውን በሽርጣቸው ሲጠርጉ አየሁ፤ ሰውየው እንደሞተ ገባኝና ከንፈሬን መጠጥኩ። እንዴት እንደሞተ ግን አልሰማሁም።

ታይፑ ፊት ስቀመጥ አውድማው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ፣ ስሞቹ የሉም። አንዱም! በማግስቱ ሄጄ ይድገሙልኝ ማለት ምን ነበረበት? ይሉኝታ ያዘኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አዎ አዎ ስል ከርሜ፣ አልሰማሁም እንዴት ልበል? ስለዚህ ክፍተቱን በወግ ሞላሁት። በየስብሰባው ስሰማው ያደግኩትን የምስጋና ንግግር አመጣሁና፣ ክለባችን እዚህ እንዲደርስ አባታዊ ድጋፍ ላልተለያቸው ለፋብሪካው ባለቤት ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ ብዬ ጻፍኩ። ማን አመስግን አለኝ? ያለ ምስጋና የሚያልቅ ጽሑፍ አላውቅማ። ስለ ወንድምየው «ወንድሜም በረኛ ነበር» የምትል አንዲት መስመር አስገባሁ።

ሦስቱን ገጽ ሳሳያቸው በዱቄታም እጃቸው እንዳያቆሽሹት እጃቸውን ታጥበው መጡ።

«የወንድሜ ስም አለ?» አሉኝ።

«ወንድሜ» የሚለው አለ አይደል ብዬ ራሴን ደለልኩና ትንፋሼን ሳብኩ። አመኑኝ። ምላሳቸውን ነከስ አድርገው ቀስ ብለው ፈረሙ። ያን ቀን የመጀመሪያውን ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ያለ ሀፍረት አውቶቡስ ውስጥ በላሁት።

ከስድስት ወር በኋላ መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ምሳ ሰዓት ጆንያው ላይ ዘርግተው በጣታቸው መስመር በመስመር ሲፈልጉ ደረስኩ። ማንበብ ባይሆንላቸውም የወንድማቸውን ስም ፊደል ያውቁታል።

«የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ምንኛ በተሻለኝ። እህታቸው ከአገራቸው ደውላ እያለቀሰች ምን እንደታተመ ነግራቸዋለች። ሠራተኛው ሥራ ባቆመ ጊዜ ወንድማቸው ከፊት ነበር። የፋብሪካው ባለቤት፣ እኔ ያመሰገንኩት ሰውዬ፣ የክለቡም ሊቀ መንበር ነው። ለፖሊስ ጠቁሞ ያሳሰረውም፣ እስር ቤት ሲሞት ስሙን ከመዝገቡ ያስፋቀውም እሱ ነው። አሁን የከተማው ሰው ማኑኤል አሜሪካ ሄዶ የወንድሙን ደም ረሳ እያለ ያማቸዋል።

«አለ ወይ ብዬህ፣ እንዲህ ብለኸኝ ነበር» አሉና እንደኔ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ማስተካከያ ልጽፍላቸው ይገባ ነበር፣ አዎ። ለዚያ ግን ስሙን እንደገና መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ካደረግኩ በኋላ በየትኛው አፌ ልጠይቅ? ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ካሊፎርኒያ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እስከ መጨረሻው ቀን ዳቦዬን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር፤ እኔ ግን ሰበብ እየፈጠርኩ ምሳዬን ብቻዬን ነበር የምበላው።

እንግዲህ ሰላምን ብዕርና ወረቀት አስይዤ ስሞቹን እንደገና አስጻፍኳት፤ መልሳም እንድታነብልኝ አደረግኩ። አንዱን ተሳስታ አረምኳት። ትልቅ ሰው ማክበር ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ሚስተር ማኑኤልን አላስተዋልኩም፣ ይድገሙልኝ ብል ኖሮ ያኔ ነበር ያከበርኳቸው። ልጅቷ ይሄ ሽማግሌ ዛሬ ምን ነካው ሳትል አትቀርም ብዬ ይህንኑ ታሪክ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና ብዕሯን አነሳች።

«ሶ፣ ጋሼ፣ የወንድማቸው ስም ማን ነበር?»

አላውቀውም አልኳት።