ጠበል ያጠመቅሁት ዳዶ

ናፍጣ ከረጠበ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ የሚወጣው ሽታ፣ አሁን በምኖርበት በድሬዳዋ ሙቀት መካከል፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት በር ወጥቶ ባለፈው ሰሞን ያዘኝና፣ እግሬ መንገድ ላይ ቆሞ ልቤ ተወልጄ ባደግሁበት ድብ ባሕር፣ አባቴ ወፍጮ ቤት ደረሰ።

ክረምት ሲገባ አስፈጪ ስለሚቀንስ አባቴ ሞተሩን እየፈታ ያጸዳ ነበር። ሞተሩን ከመሠረቱ ጋር ከያዙት አራት የብሎን ማሰሪያ ዳዶዎች ሦስቱ በቀላሉ ሲላሉለት፣ በግድግዳው በኩል ያለው አራተኛው ግን ያስቸግረው ነበርና፣ አንድ ቀን መፍቻው አምልጦት ጣቱ ተልጦ ሲደማ አይቼ አዘንኩ። በቤታችን ለታመመው ሁሉ መድኃኒቱ ጠበል ነበር። እኔም የስምንት ዓመት ልጅ፣ እናቴ ከምታመጣው ጠበል በጣሳ እየቀነስኩ፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ፣ ክረምቱን ሙሉ ያን ዳዶ በየቀኑ ሳጠምቀው ከረምኩ። በጎ ሥራ ሲነገር ዋጋው ይጠፋል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ጥቅምት ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው ቺንጋ ተበጠሰ። አዲሱን ለማስገባት ሞተሩን ማንሸራተት፣ ለዚያ ደግሞ አራቱንም ዳዶ ማላላት ግድ ነበር። የጎረቤታችን የአያ ባዩ እናት ተዝካር ማክሰኞ ነው፤ ጤፉ በር ላይ ተደርድሯል፤ አባቴ ቅዳሜን እንደ እሑድ ስለሚያከብር ዓርብ ፀሐይ ከገባች ሞተር አያስነሳም፤ ሰኞ የተፈጨ ደግሞ ቦክቶ አይደርስም።

ሦስቱ ላሉ። አራተኛው አልነቃነቅ አለ። አባቴ ጠበብ ሰፋ የሚለውን መፍቻ ሞከረ፤ ተንሸራቶ የዳዶውን ጠርዝ በላው።

«ምነው፣ በቁርባን የተጋባ ነው እንዴ የማይፈታው?» አለ አያ ባዩ፣ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ። «ቱቦ ሰክተህ በደንብ ሳበው እንጂ!»

«ብሎኑ ቢቆረጥስ? ተዝካሩን ጥሬ ልትቆረጥም ነው?» አለ አባቴ፤ ግን ጨንቆት ስለነበር ቱቦውን አነሳ።

እኔ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ ፀሐይዋን አያለሁ፣ ዳዶውን አያለሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ እንዳያስቸግርህ ብዬ ጠበል አፍስሼበታለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

አያ ባዩ ጋቢው ከትከሻው እስኪወድቅ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ዳዶውን በጥፍሩ ጫረና «እንዲያ ከሆነ የያዘው ዝገት ነው፤ ጉልበት አይፈልግም» ብሎ ቱቦውን አስቀመጠው። ናፍጣ አንጠባጠበበት፣ በትንሿ መዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ አደረገው፣ ከሳጥኑም ስድስቱንም ጎን እንደ ቆብ ጥብቅ አድርጎ የሚያለብሰውን መፍቻ መርጦ አወጣ።

«አሁን ናፍጣው እስኪሰርግ ሃያ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፤ እስከዚያ ማንም አይነካው።»

እያጣደፍኩ ጨረስኩ።

«ይኼ አልተቆጠረም፤ እንደገና ጀምሪ።»

ፀሐይዋ እየወረደች እንደገና ጀመርኩ። ሃያው ሲሞላ አባቴ መፍቻውን አልብሶ ቀስ ብሎ ተጫነው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቡናማ ዝገት ረገፈ፣ ዳዶው ዞረ። የመጨረሻው ጆንያ ተፈጭቶ ሞተሩ ሲጠፋ ፀሐይ ገና የተራራውን ጫፍ አልለቀቀችም ነበር።

«ሸጋ» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ጠበሉን ግን ለጣቴ ብታደርጊው ይሻል ነበር።»

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት የውኃ ማጠራቀሚያችን ቧንቧ ዳዶ ነክሶ አልለቅ ሲለኝ፣ በእሱ ሳጥን ውስጥ ያልነበሩ ዓይነት መፍቻዎች በእጄ ነበሩ፤ ዘይት ጠብ አደረግሁበት፣ ልኩን መረጥሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ እጄ ብረቱን ጨብጦት አገኘሁት። ያኔ ስቸኩል ሰምቶ የሚመልሰኝ ሰው ነበር፤ አሁን ቆጣሪዋም እኔ፣ ችኩሏም እኔ ነኝና፣ መፍቻውን መሬት አስቀምጬ ከአንድ ጀመርኩ።