እንዲህ ነው የሚባለው

ከዋጫ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ትምህርት ቤታችን ሁለት የአንደኛ ክፍል መማሪያዎች አሉ። በአንዱ እኔ አስተምራለሁ። በሌላው በእናቴ ዕድሜ የሚሆኑ፣ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው መምህርት ያስተምራሉ። የሚለየን ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። የእኔ ተማሪዎች ሲዘፍኑ የእሳቸው ይሰማሉ፤ የእሳቸው ጸጥ ሲሉ ደግሞ ጸጥታው ወደ እኛ ይመጣል።

ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ አርጩሜ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ አይመቱበትም፤ መኖሩ ብቻ ይበቃል። «ልጅ መጀመሪያ መቀመጥ ይማራል። ፊደሉ ከዚያ በኋላ ነው» ይላሉ። መመሪያው አርጩሜን ይከለክላል፤ መመሪያው ግን የሚቀመጠው ቢሮ ውስጥ ነው። ደግሞም ማንም ደፍሮ አይናገራቸውም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቻቸው ያነባሉና።

እኔ አርጩሜ ይዤ አላውቅም። ያደግሁት ቦንጋ ነው። አያቴ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እናቴ የጨርቅ ሱቅ አላት። አንደኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ፊደል ሲደረድሩ አንዱን ዘለሉት። እኔም ያየሁት እኔ ብቻ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ነገርኳቸው። ጣቶቼን ሰብስቤ እንድዘረጋ አዘዙኝና ጫፍ ጫፋቸውን በማስመሪያ መቱኝ። ከዚያ በኋላ ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መምህር የመሆን ሐሳብም አልነበረኝም፤ ውጤቴ ነው ወደ መምህራን ኮሌጅ የመራኝ። ግን መጀመሪያ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ዕለት ለራሴ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ እኔን የሚያርመኝ ልጅ አይመታም።

ለመታረም ደግሞ ምክንያት አላጣሁም። አንደኛ ክፍል የሚማረው በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። የእኔ ካፊኖኖ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት የለቀምኩት ስለሆነ፣ ማስረዘም ያለብኝን ድምፅ አሳጥራለሁ፣ ማሳጠር ያለብኝን አስረዝማለሁ። ትርጉሙ ሌላ ይሆንና ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ስለዚህ ደንብ አወጣን። መምህሩ ሲሳሳት አይሳቅም፤ እጅ ይወጣና «ይቅርታ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» ይባላል።

በዚህ ደንብ የተካነች አንዲት ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትናገር ትንፋሿ ያፏጫል። እጇን ስታወጣ ከወንበሯ ጭምር ትነሣለች። እሷ ካለች ስህተቴ አያልፍም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አባቷ ነው። በአንድ እጁ የልጅቱን አንጓ ይዟል፤ በሌላው ጫፉ ላይ ቅጠል ያልረገፈለት፣ ያኔውኑ የተቆረጠ አርጩሜ። ከካቦርቱ ውሃ ይንጠባጠባል። ልጆቹ መዝሙራቸውን መሀል ላይ አቋረጡ።

«መምህር፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?» አለኝ በአማርኛ። እንዳልሳሳት አስቦ መሰለኝ አማርኛውን የመረጠው።

«አውቃታለሁ ጋሼ። ተማሪዬ ናት። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም።»

እዚያው ቆሞ ነገረኝ። ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ ከጤና ኬላ የመጣ ማስታወቂያ ደረሰ። ጽሑፉ በካፊኖኖ ነው፤ ካፊኖኖ ደግሞ አሁን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሰውየው በልጅነቱ የአማርኛ ፊደል ቆጥሯል፤ በመንደሩ ማንበብ የሚችል እየተባለ የሚከበር ነው። እንደ ወትሮው አንብብልን ተባለና ተነሣ። ፊደሉ እየተንገዳገደበትም ቢሆን ማንበብ ጀመረ። ያን ጊዜ ልጅቱ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«ይቅርታ አባዬ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» አለችው።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሳቀ መምህር» አለኝ። «አስከሬኑ ከተቀበረ ገና ሌሊት እንኳ አላለፈም ነበር። ሰው በእኔ ሳቀ። ይህን አነጋገር ከየት አመጣሽው ብላት፣ ቲቸር ነው ያስተማረን አለች። ያበላሿት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይቅጧት። እዚሁ፣ በጓደኞቿ ፊት።»

አርጩሜውን ዘረጋልኝ።

ልጆቹ ፊቴን አላዩም፤ የሚያዩት እጄን ነበር። ልጅቱም እጄን ታያለች። አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ነክሳ ቆማለች።

«አልመታትም ጋሼ» አልኩ። «ያጠፋችው ጥፋት የለም። ከፈለጉ ውጭ ወጥተን እንነጋገር።»

«ያጠፋችው የለም?»

«ቦታውን አላወቀችም ይሆናል። ልጅ ናት።»

«እንግዲያው ቦታውን እኔ አስተምራታለሁ» አለና አርጩሜውን አነሣ። ዘልዬ ትከሻዋን ይዤ ወደ ኋላዬ ሳብኳት። አሁን አርጩሜው የተነሣው በእኔ ላይ ነው። ሰውየው ከእኔ ይልቃል፤ ክንዱም እርሻ ያጠነከረው ነው። ቢያወርደው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

እትዬ መቼ እንደገቡ አላየሁም። ከሰውየው ጀርባ መጥተው፣ ሳይነጥቁ፣ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው አርጩሜውን ከእጁ ወሰዱት። ከዚያ በካፊኖኖ፣ ቀስ ብለው ተናገሩት። «በዚህ ግቢ ልጅ የሚመታ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይመታም። አባትም ቢሆን።»

ሰውየው አያቸው። የእሳቸውን ስም አገሩ ሁሉ ያውቃል። እጁን አወረደ፤ የልጅቱን አንጓ ግን አልለቀቀም። ይዟት ወጣ። ደብተሯ ወንበሩ ላይ ቀረ።

በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። በእነሱ በኩል የሚመላለስ ተማሪዬ ቦንጋ ያለች አክስቷ ጋ ልትላክ እንደሆነ ነገረኝ። አክስትየዋ ወልዳለች፤ ሕፃን የምትይዝላት ልጅ ትፈልጋለች። እንዲህ ተልከው የመጡ ልጆች በእናቴ ሱቅ ደጃፍ ሕፃን አዝለው ሲያልፉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት እናስገባሻለን ይባላሉ። የገቡትን በጣት መቁጠር ይቻላል።

በመምህራን ክፍል ከእትዬ ጋር ተጣላን።

«ልጅቱን ያስቀረናት እኛ ነን» አልኳቸው። «ትምህርት ቤት ማለት ዱላ ነው ብሎ ያመነው ከእኛ አይቶ ነው። ከእርስዎ ጠረጴዛ።»

ሻያቸውን አስቀመጡ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ሲባል አልሰማህም? አንተ አፍ ሰጠሃት። አፍ የት እንደሚከፈትና የት እንደሚዘጋ ግን አልነገርካትም። ከሁለታችን ማን ነው ያስቀራት?»

እሳቸው ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከትምህርት በኋላ ቦት ጫማህን አድርግና ጠብቀኝ። እንሄዳለን» አሉ።

መንገዱ በቡና መሀል ይወርድና ወንዝ ተሻግሮ ወደ ላይ ይወጣል። ጭቃው እግር ይይዛል። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በተጋደመው ግንድ ላይ እሳቸው ቀድመው ተሻገሩ፣ እኔም ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሲቆሙ ድንገት ማውራት ጀመሩ።

የተወለዱት ደካ ከሚባለው አገር ወዲያ፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ነው። ከመንደራቸው ትምህርት ቤት የገባች ሴት ልጅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። መምህሩ ክፉ መቺ ነበር። አንድ ቀን በጣም ተመትተው ቤት ሲገቡ አባታቸው እግራቸውን አይቶ «በቃ፣ አትሄጂም» አለ። እሳቸውም ደስ አላቸው።

«ከዚያ አንድ ምሽት ያ መምህር በራችን ላይ መጣ» አሉኝ። «ዝናብ መትቶታል። ከአባቴ እግር ላይ ወደቀ። ይህች ልጅ ከቀረች እኔም ማስተማር ይቅርብኝ አለ። የመታኝም እሱ ነው፤ ሊወስደኝ የመጣውም እሱ ነው። እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም። አንተ ትለያለህ። ምናልባት ደግ ሰው አስተምሮህ ይሆናል።»

«አይደለም» አልኳቸው፤ የማስመሪያውን ነገር ነገርኳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እኔም ብሆን እመታህ ነበር» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የልጅቱ ቤት ስንደርስ ውሾች ከእንሰቱ መሀል ተግተልትለው ወጡብን። እናትየዋ ወጥታ ያዘችልን፤ ዐይናችንን ሳታይ አስገባችን። ሰውየው ተነሥቶ ተቀበለን፤ ወግ ነውና መቀመጫ ሰጠን፣ ቆሎ ቀረበ። ልጅቱ ጥግ ላይ ቆማለች። ትንሽ የጨርቅ ጓዝ አጠገቧ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ደብተሯን አወጣሁና አጠገቤ አስቀመጥኩት። አልመጣችም፤ አየችው ብቻ።

«ለይቅርታ ከሆነ የመጣችሁት ይቅር ብያለሁ» አለ ሰውየው። «ልጅቱ ግን ትሄዳለች።»

«እዚያ አትማርም ጋሼ» አልኩት። «ያውቁታል።»

ዞሮ ትኩር ብሎ አየኝ። «መምህር፣ እርስዎ የከተማ ልጅ ነዎት። የፈለጉትን ተናግረው ሰው ቢቆጣዎት የሚመለሱበት የእናት ቤት አለ፣ ሱቅ አለ። ይህች ነገ ባል ቤት ትገባለች። አማቷን እንዲህ ነው የሚባለው ብትል ማን ይቆምላታል? እርስዎ ይመጡላታል?»

በኮሌጅ ስለ ሕፃናት አእምሮ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ግን አንድም አላገኘሁም። እመጣለሁ ብል ውሸት ነው።

እትዬ መለሱ። «እኔም እኮ ማንም አልቆመልኝም። አንድ ክፉ መምህር ነው የቆመልኝ። ልጅቱን ለእኔ ስጠኝ። የእኔን ክፍል ታውቀዋለህ። በእኔ ክፍል ልጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

ሰውየው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ከእሱ ክፍል ትወጣለች?»

«ትወጣለች» አሉ እትዬ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም አየኝ። ልጅቱም ጭምር። ምን እንደሚመስላት አውቃለሁ፤ መምህሯ አሳልፎ እየሰጣት ነው። «ይሁን» አልኩ።

በማግስቱ መጣች፤ በእኔ በር አልፋ በሚቀጥለው ገባች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። ሲጠሩ ከሌሎቹ ጋር አብራ ታነባለች፤ ብቻዋን ስትጠየቅ ግን አፏ አይከፈትም። እትዬ አልመቷትም። እረፍት ላይም ግንብ ተደግፋ ትቆማለች። ከእኔ ጋር ዐይን ለዐይን ስንጋጠም መሬት ታያለች። ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባትየው በር ላይ ቆሞ አየሁት። እጁን አየሁ፤ ባዶ ነው።

«መምህር» አለኝ። ባርኔጣውን አውልቋል። «ልጅቱ ዝም አለች።»

«ክፍል ውስጥ?»

«ቤት ውስጥ። እናቷንም አታወራ። ውሾቹን እንኳ አትጣራም። ማታ አጠገቤ አስቀምጬ አንብቢልኝ አልኳት፤ ተሳስቼ አነበብኩላት፣ እያወቅሁ ነው የተሳሳትኩት። ዝም ብላ አየችኝ።» ፊቱን በባርኔጣው ጠረገ። «እንደ በፊቷ ያድርጉልኝ።»

በንዴት የምለው ብዙ ነገር ነበር። ፊቱን ሳይ ተውኩት። ይዤው ወደ እትዬ ሄድኩ። ነገሩ መጀመሪያ ለእኔ መነገሩ እንዳስቀየማቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ሰምተው ሲጨርሱ «የአንተ ካፊኖኖ ያሳፍራል» አሉኝ። «ከነገ ጀምሮ የሁለቱንም ክፍል ካፊኖኖ እኔ አስተምራለሁ። አንተ የሁለቱንም አማርኛና ሒሳብ ያዝ። እኔ ክፍል ስትገባ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እንዳትነካ።»

በማግስቱ ወደ እሳቸው ክፍል ገባሁ። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ብድግ አሉ። መዝሙር ጀመርኩ፤ አልተቀበሉኝም። አርጩሜውን እያዩ መዝፈን አልሆነላቸውም። ቀናት ፈጀብን። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ አንጎራጎረ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ልጅቱ ዝም እንዳለች ናት። ስሟን አልጠራሁም። አጠገቧም ሄጄ አልቆምኩም። ሰሌዳ ላይ እያስተማርኩ ጀርባዬን በሰጠሁ ቁጥር ጆሮዬ ያለው ከሷ ዘንድ ነበር።

አንድ ጠዋት የአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ሳለ ከኋላዬ ፉጨት ያለበት ድምፅ ሰማሁ።

«ቲቸር፣ ልውጣ?»

ወዲያው አልዞርኩም። ጠመኔው በእጄ ተሰበረ። «ውጪ» አልኩ። ወደ መጸዳጃው በዝናቡ ስትሮጥ በመስኮት አየኋት። ተመልሳ ገባች፣ ደጃፉ ላይ የእግሯን ጭቃ ጠረገች፣ ተቀመጠች። ፊደሉን ቀጠልን።

አሁን ከፍ ያለ ክፍል ደርሳለች። ጥርሶቿ በቅለዋል። ትናገራለች፤ ግን ከመናገሯ በፊት ዙሪያዋን ታያለች፣ ያ ልማድ አልለቀቃትም። አክስትየዋም ክረምት በመጣ ቁጥር ልጅቱን ላኩልኝ ማለቷን አልተወችም። ስለዚህ ትምህርት ሊዘጋ ሲል እትዬና እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግረን ወደ አባቷ ቤት እንወጣለን። እስከ ዳገቱ ድረስ ስለ አርጩሜ እንጨቃጨቃለን። ውሾቹ ሲጮኹ እናቆማለን፤ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እኔ ኮሌታዬን፤ ከዚያ አብረን እንገባለን።