የአዛዡ ሁለተኛ ዓይን

ትናንት የበሩን ብረት ስትቀቢ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ እስከ መኝታዬ መጣ። መስኮቱን ዝጊው ብዬ የተቆጣሁሽ ሽታውን ጠልቼ አይደለም። ሽታው ባሕር ዳር፥ የወጣትነት ጓደኛዬን ወደበደልሁበት ወደ ጣና ዳር ስለመለሰኝ ነው። ጥፋትን ለልጅ መናገር ከባድ ነው። ግን የራሱን ጥፋት የደበቀ አባት ልጁን «እውነተኛ ሁኚ» ሊል አይችልም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ እሱ ከሐይቁ ዳር፥ ከሙስሊሞች መንደር የተወለደ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ የውጭ አገር መካኒክ በትንንሽ ወታደሮች የድሮ ጦርነት መጫወት አስተማረን፤ ጦሩ ይሰለፋል፥ ዳይስ ይጣላል፥ የተመታው ይነሣል። ሰውየው አገሩ ሲገባ የራሳችንን ሠራን። የመረጥነው ያን ጊዜ መቶ ዓመት ገደማ የሆነውን፥ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር የተደረገውን ጦርነት ነበር። ጓደኛዬ መረብ የሚያሰምጥበትን እርሳስ በጣሳ አቅልጦ የጀሶ ቅርጽ ውስጥ ያፈስሳል፤ እኔ ከፍየል ጠጉር ባሠርሁት ብሩሽ እቀባለሁ። ሃያ የወገን፥ ሃያ የደርቡሽ፤ ቁመታቸው ከጣት አይበልጥም።

ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርሁት በደሴቶቹ የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ጻድቃን በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን ዞረው በአንድ ዓይን። እኔም ለደርቡሾቹ አንድ አንድ ዓይን ብቻ ሠራሁላቸው፤ የሌላውን ቦታ ጉንጭ አስመስዬ ደፈንሁት። ከዚያም ደርቡሾቹን፥ ሳልጠይቀው፥ ለእሱ ሰጠሁት።

«አንተ! ያለ ዕጣ ደርቡሽ አደረግኸኝ?» ብሎ ሳቀ። «እሱስ ይሁን፤ ጦሬን ለምን አሳወርኸው?»

«ሥርዓቱ ነው።»

«እንግዲያው አዛዡን እንኳ ሁለት ዓይን አድርግለት። ገደል ይዟቸው ይግባ እንዴ?»

እምቢ አልሁት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አሸዋው ላይ እናሰልፋቸው ነበር። ሐይቁ ጸጥ ሲልና ብርሃኑ ከውኃው ላይ ሲያንጸባርቅ፥ እነዚያ ሃያ ዓይኖች የትም ብቆም እኔን ያዩኛል። ጓደኛዬም አስተውሎታል። «እኔን እኮ አያዩም» ይለኝ ነበር፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አንድ እሁድ ሳጥኑን ስከፍት አዛዡ ሁለት ዓይን አለው። ሳጥኑ እኔ ቤት ነው የሚያድር፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ዓይኑ እኔ ከምሥለው ይልቅ ቀጭን፥ ጥንቅቅ ያለ ነበር። በምላጭ ፋቅሁት። በሳምንቱ ተመልሶ አገኘሁት፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ቀለሙ ገና ይጣበቃል።

«ቁልፍ አስቀርጸሃል» አልሁት።

«ወላሂ አልነካሁትም።»

«ትዋሻለህ። መሐላህንም አላምንም።»

ከፊቱ ላይ ሳቁ ጠፋ። መረቡን ጠቅልሎ ሄደ። እኔም ዓይኑን እንደገና ፍቄ ሳጥኑን ቆለፍሁ። ራሱ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ እንጂ ቤቱ ድረስ ልሂድ አላልሁም። ኩራት ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ግን እውነት የያዝሁ ይመስለኝ ነበር። በወሩ ጓደኛዬ ከዓሣ ገበያው ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። መኪና ላይ ሲጫን ያየ ሰው ነገረኝ።

ከሄደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳጥኑን ከፈትሁ። ዓይኑ አለ። ቀለሙም እርጥብ ነው። እሱ በዚያ ሰዓት ሩቅ አገር ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። ማን እንደሣለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህን የምልሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓደኛዬ አልዋሸም።

የዚያኑ ዕለት እናቱ ዘንድ ሄድሁ። ደጃቸው ተቀምጠው ዓሣ ይልጡ ነበር።

«እማማ፥ ልጅዎን ውሸታም ብዬዋለሁ። እውነቱን ነበር» አልኋቸው።

ቢላዋቸውን አላቆሙም። «ነግሮኛል» አሉኝ። «‹ንዴቱ ሲበርድለት መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ ዓሣ ሳይበላ እንዳትሸኚው› ብሎኝ ነው የሄደ። ግባ፤ ምን ቆመሃል?»

እሱ ከሰሜኑ ጦርነት አልተመለሰም። ያን ዕለት ግን ይህን እኔም እሳቸውም አናውቅም ነበር። ሁለት ዓሣ ጠበሱ። አንዱን ለእኔ አቀረቡ፤ ሁለተኛውን በሰፌድ ከደኑት።