የሦስት ቀን ቀሚስ

የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤቷ የባህል ቀን «የጥንት የጎጃም ልብስ» ለብሳ መጣችና ፊቴ ቆማ ተሽከረከረች። ቀሚሱ ያብረቀርቃል። ጥለቱ የታተመ እንጂ የተሸመነ አልነበረም። ጫፉን ይዤ በጣቴ ሳሸው እንደ ስኳር ከረጢት ተንኮሻኮሸ።

«ይሄ የጥንት አይደለም፣ የዘንድሮ ነው» አልኳት።

ልጅቷ እኔን ነው የወጣችው፤ ዝም አላለችም። «እሺ እምዬ፣ የጥንቱን ያሳዩኝ» አለች።

የማሳያት አልነበረኝም። የእናቴ ቀሚስ አርጅቶ መጀመሪያ የሕፃን መታቀፊያ፣ ቀጥሎ የድስት ማውጫ ሆኖ አልቋል። የእኛ አገር ልብስ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ እስኪያልቅ ይሠራል። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ነገር ግን ፍርድ ሲጓደል ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ለሞተ ሰውም ቢሆን ፍርድ ይገባዋል። አያቶቻችን ያልለበሱትን ለበሱ ብሎ በአደባባይ መሽከርከር በእነሱ ላይ መዋሸት ነው። ስለዚህ እውነተኛውን አሠርቼ ላሳያት ወሰንኩ። ቃሌን ደግሞ ልጅቷ ሰምታዋለች፤ ወደ ኋላ ማለት የለም።

በመጀመሪያ የሄድኩት ከእኛ ሁለት ግቢ አልፈው ወደሚኖሩት አሮጊት ጎረቤቴ ነው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ መልሰው የጠያቂውን ዕድሜ የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ስለ ድሮ ቀሚስ ሳነሳባቸው ዓይናቸው በራ። ሲዳሩ የለበሱትን ከአንገቱ ጥልፍ እስከ ዘርፉ ነገሩኝ። ስፋቱን በእጃቸው አየር ላይ ሣሉልኝ። መጨረሻ ላይ፣ «የአክስቴ ነበር እኮ። ተውሼ ነው» አሉ። በዚያ ዘመን በሰፈሩ አንድ ደህና ቀሚስ ካለ ሙሽሮች ሁሉ ይቀባበሉት ነበር። ሌላ ሙሽራ እየጠበቀችው ስለነበር በሦስተኛው ቀን አስወልቀው ወሰዱባቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀሚስ ለብሰው አያውቁም።

«የልጄ ልጅ በጥር ሊያገባ ነው» አሉና ወዲያው ስለ ዶሮ በሽታ ማውራት ጀመሩ። የጎጃም አሮጊት የልቧን የምትነግርሽ እንዲህ ነው፤ ከሁለት ተራ ወሬዎች መሀል ሸጉጣ። እኔም ገባኝ። ቀሚሱ ለጥር ሠርግ መድረስ አለበት፤ የሚለብሱትም እሳቸው ናቸው።

የልጅ ልጄ በስልኳ የድሮ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ቡድን አግኝታ ነበር። በየከተማው እንደ እኔ ያሉ ግትሮች እንዳሉ ማወቄ ደስ አሰኘኝ። አንዷ የሽንሽን አቆጣጠር ልትልክልን ቃል በገባችልን ሳምንት ኢንተርኔቱ ጠፋ። ስለዚህ ወደ ድሮው ስልክ ተመለስን፤ ቅዳሜ ገበያ። ከፍኖተ ሰላም ጥጥ ተራ ተቀምጬ፣ ባዘቶ ስትገዛ ያየኋትን ሴት ሁሉ፣ «ራስሽ ልትፈትዪው ነው?» እያልኩ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ ሳቁብኝ። አምስቱ ግን አልሳቁም። ሦስቱ ከገጠር፣ አንዷ ከከተማው ናቸው፤ አምስተኛዋ ከቡሬ የመጣች ግራኝ ናት፤ አገውኛ ከእናቷ፣ አማርኛ ከባሏ የተማረች፣ ስትፈትል ግን በሁለቱም ዝም የምትል። ከእኔና ከአሮጊቷ ጋር ሰባት ሆንን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከግቢዬ አቮካዶ ሥር እንቀመጥ ጀመር።

የድሮውን ዓይነት ቀሚስ በዓይናችን ያየነው ደግሞ ቡሬ አጠገብ ካለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። የቡሬዋ ሴት ናት የጠቆመችን። አንዲት ሙሽራ ከብዙ ዘመን በፊት ለስለት የሰጠችው ቀሚስ ከዕቃ ቤት ይገኛል አለችን። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን አሮጊቷን መሀል አድርገን በሚኒባስ፣ ቀጥሎም በባጃጅ ሄድን። ዕቃ ቤት ጠባቂው አባት ከደጀ ሰላሙ ቁጭ አድርገው ካስጠበቁን በኋላ ቀሚሱን በንጹሕ ነጠላ ላይ ዘርግተው አሳዩን። የልጅ ልጄ ስልኳን ስታወጣ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ለእመቤታችን የተሰጠ ነው። በዓይንሽ እይው፣ በስልክ አትውሰጂው።»

ልጅቷ አኮረፈች። እኔ ግን ከቦርሳዬ ልቃቂት አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። ለአንገቱ አንድ ክር፣ ለወገቡ አንድ፣ ለእጅጌው አንድ። በየልኩ ጫፍ ቋጠርኩ፤ የትኛው ክር የምን እንደሆነ ደብተሬ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። ሰባት ክር ይዘን ተመለስን። እጅጌው ከልጅቷ ክንድ በሁለት ስንዝር ይበልጥ ነበርና፣ «ሙሽራዋ ግዙፍ ነበረች እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

አሮጊቷ ሳቁ። «የለም የኔ ልጅ። ትርፉ አንጓ ላይ ይሰበሰብና አምባር ይደረግበታል። የምትሠራ ሴት እጅጌ አጭር ነው። ሙሽራ ግን ሦስት ቀን ሥራ አትነካም፤ እጅጌዋ ያንን ለሰው ይናገርላታል።»

እንግዲህ አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ሰባት ቀሚስ፣ አንድ በአንድ፣ ለሰባታችን ልንሠራ ተስማምተን ነበር። የመጀመሪያው ያለ ክርክር የአሮጊቷ ሆነ። ለቀሪው ዕጣ ስናወጣ ሁለተኛው ለእኔ ደረሰኝ። ያኔ ሕግ አወጣሁ። አንዷ ቀጭን ትፈትላለች፣ አንዷ ወፍራም፤ እያንዳንዷ የፈተለችውን ብትለብስ አንዷ እንደ እመቤት፣ ሌላዋ እንደ ገረድ ልትታይ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀሚስ ውስጥ የሰባታችንም ፈትል እኩል እኩል ይግባ፣ ማንም ከማንም ተለይታ አትለብስም አልኩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላ አንዷ ደገፈችኝ። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከእኔ ጋር መከራከር አድካሚ ስለሆነ ግን ዝም አሉ።

ሸማኔያችን ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው እንደ ጥለታቸው ጠባብ ነው። ፈትሉን ስወስድላቸው እያንዳንዱን ልቃቂት በጣታቸው ዳሰሱና፣ «አይደባለቅ። ፈትል የየእጁ ነው» አሉኝ። እኔም ስለ እኩልነት ረጅም ነገር ተናገርኩ። አዳመጡኝና «እሺ» አሉ። የእኛ አገር ሰው እሺ ሲል ተስማማ ማለት እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ያን ቀን ግን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ሸማው ከመሸመኛው ሲወርድ እንደ ወተት ነበር። በገና ማግሥት ሰባታችንም ወንዝ ወርደን አጠብነውና ሣር ላይ አሰጣነው። ሲደርቅ አንዱ መስመር ተጨማደደ፣ ሌላው ተነፋ፤ ጨርቁ ሁሉ እንደታረሰ ማሳ ትልም ትልም ሆነ። ስፋቱም አንድ ክንድ ያህል ጎደለ። በአራት ማዕዘን ይዘን ብንወጥረው ስንለቀው መልሶ ይኮማተራል። ለሠርጉ የቀረው አራት ሳምንት ነበር።

አሮጊቷ ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ይሁን። ሠርጉ የልጁ እንጂ የእኔ መቼ ሆነ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጨርቁን ጠቅልዬ ወደ ሸማኔው ሄድኩ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እንደ ዳዊት በጣታቸው ያነብቡት ጀመር።

«ይቺ ግራኟ ናት፤ ክሯ ወደዚያ ይዞራል፣ የሌሎቻችሁ ወደዚህ። ተጎትተው ነው የተኮማተሩት። ይቺ አጥብቃ ታከራለች። ይቺ ቸኩላለች፣ ልጅ ያለቅስባት ነበር።» ጣታቸው ወደ አንድ ጎርበጥባጣ መስመር ደረሰና ዘለለው።

«እሷስ?» አልኩ።

«እሷ ትቅር።»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷ እርስዎ ነዎት፣ እታለም።»

ጨርቁን ከጉልበታቸው አንሥቼ መጠቅለል ጀመርኩ። እሳቸውም ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ እውነት ነው። የእርስዎ ፈትል ደግሞ ብቻውንም ያስራል። ለቀሚስ ነው የማይሆነው» አሉ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን በሙሉ ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በእሳቸው፣ ቀጥሎ በጥጡ። ከተማ ስገባ የሚቀረኝ ራሴ ብቻ ነበርኩ። ሁሉም ይደባለቅ ያልኩት ለእኩልነት ብዬ ነበር፤ ግን ደግሞ ከስድስቱ መሀል ሲገባ የእኔን ጉጥ ማን ያየዋል ብዬም ነበር። የሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ይህቺን ተንኮል ከሩቅ ነበር የማሸታት።

እሑድ ሲደርስ ቆሜ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የተበላሸውም ሸማ የእኔ ድርሻ ይሁን፣ የሁለተኛ ዕጣዬን ለአሮጊቷ ቀሚስ ለቅቄያለሁ አልኩ። ይቅርታ ስትጠብቂ የሚደርስብሽ ሳቅ ነው። አንደኛዋ የገጠር ሴት ዓይኗን እያበሰች፣ «እኛ እኮ ከመጀመሪያው እናውቀው ነበር፤ ልቃቂትሽን ዛፍ ላይ ብትሰቅዪው ድንቢጥ እንቁላል ትጥልበታለች» አለችኝ። የልጅ ልጄ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብላ ሳቀች። ለእሷም ሒሳቧን በልቤ ያዝኩላት።

ሸማኔው እንዳሉት አደረግን። ድሩ ቀጭን ከሚፈትሉት ከሁለቱ እጅ ይሁን፣ ማጉ በሙሉ ከግራኟ፤ ሌላ እጅ አይግባበት። ግን ሦስቱ ሴቶች ይህን ሁሉ ፈትል በሁለት ሳምንት ለማድረስ ሌላ ሥራ መንካት የለባቸውም። ወሩ ደግሞ የአውድማ ወር ነው። ስለዚህ ወንፈል ገባን፤ እነሱ ሲፈትሉ እኛ የእነሱን ሥራ ተካፈልን። አንዷ የአንደኛዋን ውኃ ትቀዳለች፣ ሌላዋ ቡሬ ሄዳ የግራኟን በርበሬ ትለቅማለች። እኔ ለዚያችው ድንቢጥ ላለችኝ ሴት ጤፍ ሳነፍስ ሦስት ቀን ገለባ በላሁ። የልጅ ልጄን ከጎኔ አቁሜ ወንፊት አስያዝኳት፤ የሳቋ ዋጋ ነው። በሦስተኛው ቀን ድንቢጧ ልትጎበኘኝ መጣችና ጤፉን ዘግና አየችው። «ታዲያ እጅሽ ለዚህ ተፈጥሮ ሳለ ምን እንዝርት አስያዘሽ?» አለች። ምስጋና ነበር፤ ለእኛ አገር እንዲያውም የበዛ።

አዲሱንም ሸማ ወንዝ ወርደን አጠብነው። ሣሩ ላይ ዘርግተን ዙሪያውን ተቀመጥን፤ ሲደርቅ ግራኟ ተነሥታ መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችበት። ለጥ ብሏል። ያን ጊዜ ነው በአገውኛ አንድ ነገር ያለችው፤ ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቃት «በአማርኛ ይቀንሳል» አለችን።

በቋጠርነው ክር ለካን፤ ቆረጥን፤ ሰፋን። የአንገቱን ጥልፍ አሮጊቷ ለማንም አልሰጡም፤ መነጽሬን ተውሰው በራሳቸው እጅ ጠለፉት። አራት ቀን ሲቀር አለቀ።

የሠርጉ ዕለት አሮጊቷ ሲገቡ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ቀሚሱ ሰፊ ነው፣ እጅጌው አንጓቸው ላይ ተሰብስቦ አምባር ገብቶበታል። ሸማኔው ከበር አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ አሮጊቷ ክንዳቸውን ይዘው ከዘመድ ወንበር ወስደው አስቀመጧቸውና፣ «ያለበሰኝ ሰው ነው» ብለው ለዘመዶቹ አስተዋወቁ። እኔ ያን የተጨማደደ ጨርቅ አሰፍቼ ለብሻለሁ፤ አጥሮ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቷል። ከከተማ የመጡ ሁለት ሴቶች ጫፉን እየነኩ ይህን ሽብሽብ ከየት እንደገዛሁት ጠየቁኝ። ገበያ ላይ እንደሌለ፣ በግትርነት ብቻ እንደሚሠራ ነገርኳቸው። አንደኛዋ የሱቅ ስም መስሏት ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ዘፈኑ አልቆ መልሱም ተበልቶ ሦስተኛው ቀን መጣ። ዕቃ ሳጥብ የአሮጊቷ ልጅ ስታባብላቸው ሰማሁ፤ ቀሚሱ እንዳይቆሽሽ ያውልቁትና ሳጥን ይግባ ትላለች።

«በሦስተኛው ቀን አንዴ አውልቄያለሁ» አሏት። «አሁን ማን ነች የምትጠብቀው?»



በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ጥጥ ተራ ለመድረስ አትክልት ተራውን ሳቋርጥ ሰው ክብ ሠርቶ አየሁ። መሀል ላይ አሮጊቷ ቁጢጥ ብለዋል፤ ያ ሁሉ ሰፊ ቀሚስ ዙሪያቸውን አፈር ላይ ተዘርግቷል። ረጅሙን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቅልለው ሽንኩርት ይመርጣሉ፤ ከነጋዴውም ጋር ይከራከራሉ።