ክንፍ ላይ የጋገረ በረዶ

በዚያ ቀን ደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ እስር ክፍል ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ፣ የምታጠባው ሕፃንና አብራሪዋ ነን። በር ላይ አንድ ጠባቂ ነበር፤ መርማሪው ከግቢው ማዶ።

እኔን ከዳባት በላይ ካለው ማሳዬ ነው የያዙኝ። ውርጭ ገብሱን እንዳይፈጀው ማለዳ ዳር ዳሩን ኩበት ሳጨስ፣ ትንሽ አውሮፕላን ከደመና ወጥታ ማሳዬ ላይ አረፈች። አብራሪዋ ልጅ ስትወርድ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋቢዬን አለበስኋት። ታጣቂዎች ደርሰው ጭሱን ለአውሮፕላኗ የተሰጠ ምልክት ነው አሉና ሁለታችንንም ጫኑን። ልጆቼን ለጎረቤት እንኳ አደራ አላልሁም።

ሲሚንቶው ይበርዳል። እነሳለሁ፣ በሩ ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ፣ እመለሳለሁ።

«ኧረ እትዬ፣ አረፍ በይ! ወለሉን ፈጀሽው» አለች ጠላ ሻጯ። ወደ አብራሪዋ ዞረች፦ «እኔ በቅሎ ላይ ስወጣ ይዞርብኛል፤ አንቺን ደመና ውስጥ ምን ከተተሽ?»

«ቶሎ አልፈዋለሁ ብዬ ነዋ» አለች። «ክንፉ ላይ በረዶ ጋገረብኝ። በረዶ ሲይዘው ክንፉ ቅርጹን ያጣል፤ ሞተሩ እየጮኸ እንኳ ቁልቁል ነው። ትልልቆቹ ማሞቂያ አላቸው፣ የኔ የለውም። ዝቅ ብዬ ሙቀት እንዳልፈልግ ከሥሬ ተራራ ነው። ገና ክንፉ ላይ ነጭ ሳይ መመለስ ነበረብኝ። በኋላ በደመናው ቀዳዳ የእማማ ጭስ ታየኝ፤ ማሳ መሆኑን አወቅሁ።»

«የጭሱን ነገር መርማሪው ፊት እንዳትደግሚው፣ ልጄ» አልኋት ቀስ ብዬ።

መርማሪው አስጠራኝ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት።

«እናቴ፣ እኛ ስንደርስ በረዶ አልነበረም። ሆን ብላ ነው የወረደችው። በረዶ አላየሁም ይበሉና ዛሬውኑ ልጆችዎ ዘንድ ይግቡ።»

ትንሿ ልጄ እያሳላት ነበር የተውኋት።

«ፀሐይ አቅልጦት ነው» አልሁ። «እየተላጠ ሲወድቅ በእጄ አንስቼዋለሁ፤ ጣቴን አደንዝዞኛል።»

«ልጆችዎስ?»

«እየጠበቁኝ ነው። በረዶው ግን ነበር።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። በማግስቱ እሷን በመኪና ወደ ጎንደር ወሰዷት፤ እኔን ግን ሰንብተው ለቀቁኝ። ልጄ ድናለች። ዛሬም ተራራው ደመና ለብሶ የሞተር ድምፅ ከሰማሁ ሥራ አይያዝልኝም፤ ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ደጅ እቆማለሁ።

ያችን አብራሪ ያየ፣ ወይም የት እንደደረሰች የሰማ ካለ፣ እባካችሁ ወሬዋን ንገሩኝ።