ዮናታን እንዲተኛ የጠበቅንበት ቀን

ሕመሙ የጀመረ ቀን ጭሮ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባጃጅ የሚነዳው ባለቤቴ ታደሰ፣ እናቱ እማማ አስካለ፣ እና ገና መቀመጥ እየተማረ የነበረው ልጄ ዮናታን ነን። ዮናታን ከእንቅልፉ ነቃ። አንገቱ ወደ ፊት ተደፋ። እጆቹ ተዘረጉ። ቀና አለ። እንደገና ተደፋ። ከዚያ አለቀሰ።

«ሆዱን ቆርጦት ነው» አሉ እማማ።

እኔም እንዲያ እንዲሆን ፈለግሁ። ግን በነቃ ቁጥር ሲደጋገምበት ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ልብሱን አስወልቆ ጀርባው ላይ ያሉትን ነጫጭ ምልክቶች አየና አዲስ አበባ ላከን። እዚያ የሕመሙን ስም ነገሩን፤ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ። ጂን በሚባለው የዘር ቅንጣት ላይ በሚፈጠር ለውጥ የሚመጣ ሕመም ነው፤ አንገቱ የሚደፋውም ከዚሁ በሚመጣ የሚጥል ሕመም ነው። እርጉዝ ሳለሁ ምን በልቼ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። «አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አለችኝ እዚያ የመረመረችው ዶክተር።

የነገረችኝን በገባኝ መጠን ልጻፍ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ይልቅ ለኦቲዝም የተጋለጡ ናቸው። ከልጁ ጠባይ ገና ምንም ሳይታወቅ፣ ተኝቶ ሳለ አንጎሉ የሚያወጣው ሞገድ አንዳንድ ነገር ሊጠቁም ይችላል። ሞገዱን የሚመዘግበው ምርመራ ኢኢጂ ይባላል። ጭንቅላቱ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይለጠፋሉ፤ አያምም። «ግን መተኛት አለበት፤ ካልተኛ ብዙ ነገር ያመልጠናል» አለች።

ለኢኢጂው ቀጠሮ ከጭሮ ልንነሣ ስንል እማማ ለመንገዱ ብለው አናቱን ቅቤ ቀቡት፤ ፀሐይና ነፋስ እንዳያገኘው። አዲስ አበባ ምርመራው ክፍል ስንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር። ደስ አለኝ። ባለሙያው አናቱን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«ቅቤ ካለ ሽቦው አይይዝም። ታጥቦ ይምጣ።»

አግዳሚው ላይ ተራ የምትጠብቅ ሴት ሳቀች። ዘሃራ ትባላለች፤ ከእኛው አካባቢ፣ ከቦኬ ነው የመጣችው። ልጇ ሂክማም ሕመሟ እንደ ዮናታን ነው።

«አቦ፣ የእኔም ተቀብታለች እኮ! ዶሮ ልንሠራ ነው እንዴ የመጣነው?»

ሁለቱንም ቧንቧ ሥር ወስደን አጠብን። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ዮናታን ነቃ። ጮኸ። ጡት እንቢ አለ። ባለሙያው ሥራ ሊዘጋ እንደሆነ፣ ዛሬ ካልተኛም ቀጠሮው ሩቅ እንደሚሆን ነገረኝ። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ልጁ እንደሚጎዳ ሰምቻለሁ። ደጋግሜ ባወዛውዘው ጩኸቱ ባሰ።

«ስጪኝ» አለች ዘሃራ። «እንዲህ እየተርበተበትሽ እንዴት ይተኛልሽ?»

ሂክማን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ዮናታንን አዘለችው። በኦሮምኛ እያንጎራጎረች ኮሪደሩን ተመላለሰች። ተኛ። ሽቦው ተለጠፈ። ሞገዱ ተመዘገበ።

ሂክማ ግን ሳትተኛ ክፍሉ ተዘጋ። «ሌላ ቀን እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ» ብላ ዘሃራ ልጇን አዝላ ወጣች። እኔ ልጄን ይዤ ነበርና በወጉ እንኳ አላመሰገንኳትም።

ዶክተሯ ውጤቱን አየች። «ሞገዱ ልክ አይደለም። ኦቲዝም ይኖርበታል ልልሽ አልችልም፤ ሥጋቱ ግን አለ። መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንጀምር።»

መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ መደፋቱ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ፤ እኔም እንዳስተማሩኝ ፊቴን ከፊቱ ትይዩ አድርጌ ስሙን እየጠራሁ፣ እስኪያየኝ እየጠበቅሁ፣ ያየኝ ጊዜ ሳቅ ብዬ እየመለስኩለት ቀኑን ማሳለፍ ለመድኩ፤ ይህም በጣም የሚያደክም ሥራ ነው። አሁን ይሄዳል፤ የአባቱን ባጃጅ ድምፅ ከሌላው ለይቶ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ቃሉ ግን ገና ጥቂት ነው፤ ኦቲዝም ይኑርበት አይኑርበትም ሐኪሞቹ እየተከታተሉት ነው። እኔም አላውቅም።

እንደ እኔ የገጠማችሁ እናቶች፣ ልጃችሁ አንገቱ ሲደፋ በስልክ ቅረጹና ለሐኪም አሳዩ። ለኢኢጂ ስትሄዱ አናቱ ታጥቦ ይድረቅ፤ ቅቤም ቅባትም አይንካው። እንቅልፉን መንገድ ላይ እንዳይጨርስ አጫውቱት። መድኃኒቱን ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ። የረዱኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የቦኬዋን ዘሃራን፣ የሂክማን እናት፣ የምታውቁ ካላችሁ ጭሮ ባጃጅ ተራ ለታደሰ ንገሩት፤ ይደርሰኛል። ሂክማ ምርመራውን አገኘች ወይ?