ከሆዷ ያልወጣው የልጅነት ጠብታ

መጋረጃ ሰፊዋ ሴት ሕፃን ሳለች እንደ እኩዮቿ ሁሉ የፖሊዮ ጠብታ ወስዳለች። በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ የሌላውን ልጅ ሰውነት በሽታውን መከላከል ያለማምድና በሳምንታት ውስጥ ከአንጀት ይወጣል። የእሷ ሰውነት ግን ከመነሻው መከላከያ ማምረት አይችልም ነበር። ይህን ማንም አላወቀም። ጉንፋን ሲይዛት ወር ይከርምባታል፤ እናቷም ብርድ አይስማማትም እያሉ ልብስ ይደራርቡላት ነበር።

ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ የሳንባ ምች ደጋግሞ ጣላት። ሐኪሟ ደሟንም ሰገራዋንም አስመረመሩና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ያ የልጅነት ጠብታ እስከ ዛሬ አንጀቷ ውስጥ እየተራባ እንደሚኖር፣ በዚህ ሁሉ ዘመንም እየተለወጠ ጉልበት ሳያበጅ እንዳልቀረ ነገሯት። ከስንት አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው አሏት።

«አሁን ምን ይሆናል?» አለች።

«አንድ ቀን አንቺኑ እግርሽን ሊይዝሽ ይችላል። የተከተበ ጤነኛ ሰው ብዙም አያሰጋውም። ላልተከተበ ግን እንፈራለን፤ ለሕፃን በተለይ።»

የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሲሆን ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። የሐኪሟን ቃል ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወንድሟ ሊያስቃት ፈልጎ «ድሮም ዕቃ መጣል አትወጂም» አላት። ሚስቱ አልሳቀችም። በማግስቱ ሰፊዋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ሳሙና ለየብቻ ተቀምጦ አየች። ማንም ውጪ ሳይላት፣ የራሱ መጸዳጃ ያለው አንድ ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዋን ይዛ ወጣች።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ክትባቷንም በመርፌ ጨረሰች። ነርሷ ከእንግዲህ እጅ መታጠብ ብቻ እንደሚበቃ፣ አክስቷን ብትጠይቅ ችግር እንደሌለው ለእናትየው አስረዳቻት። እናትየው እሺ ብላ ሳትመጣ ቀረች። ወንድምየው ብቻውን እየመጣ የልጅቷን ፎቶ በስልኩ ያሳያታል። ሰፊዋ ጥርስ ስታበቅልም፣ ስትራመድም ያየቻት በዚያች ስልክ ነው። ሲሄድ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች፤ ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው ስትል ብቻ ያለ ጨርቅ የረገጠችበትም ቀን አለ።

ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሞላት ሐኪሟ በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ሰጧት። ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ የተደረገው ምርመራ ቫይረሱን አላገኘም። ወንድሟ ወሬውን እንደሰማ ቤተሰቡን ይዞ መጣ።

ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸጎጠች። አክስትሽ ናት፣ ሳሚያት ስትባል ለእንግዳ እንደምታደርገው እጇን ብቻ ዘረጋች። ሰፊዋም ጎንበስ ብላ ጨበጠቻት። ምን መጫወቻ እንደምትወድ አታውቅምና የምትጠይቃት ጠፋባት።

ሊሄዱ ሲሉ የወንድሟ ሚስት በሩ ላይ ወደኋላ ቀረት አለች።

«እትዬ፣ ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለቻት። «ግን ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ልጅቷ አሁን ትስማታለች፤ ጭኗ ላይ የምትቀመጥበት ዕድሜ ግን አልፏል። ሰፊዋ ዛሬም እዚያችው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች።